የባላባቶች የሻይ ዕቃ በናይሮቢ

ሰው በእጁ ከሚሠራቸው የቤት ዕቃዎች ሁሉ የሸክላን ያህል በቀላሉ የሚሰበር የለም። ይሁን እንጂ ከመሰበር የዳነ እንደ ሆነ ጌታውን፣ የጌታውን ልጅ፣ የልጅ ልጁንም ሳይቀር የሚቀብር ይኸው ዕቃ ነው። ልብስ ያረጃል፤ እንጨት በምስጥ ይበላል፤ ብር ቀልጦ ሌላ ጌጥ ይሆናል፤ በብርቱ እሳት የጠነከረ ነጭ ስኒ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ታጥቦ ቢቀርብ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። የአውሮጳ መሳፍንትና መኳንንት የሻይ ዕቃቸውን እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ርስትም ባለቤቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ። የባላባቱ ሀብት ሲያልቅ፣ አገሩ ሲለወጥ፣ ቤቱ በሐራጅ ሲሸጥ፣ ያ ሁሉ ስኒና ሳህን ወዴት ይሄዳል? ክብሩስ ከማን ጋር ይቀራል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከኬንያ ዋና ከተማ ከናይሮቢ የተሻለ ቦታ በምሥራቅ አፍሪካ አይገኝም። የአውሮጳ ባለማዕረጎች ዕቃቸውን በሣጥን አሽገው የመጡባት፣ ኋላም ዕቃቸውን በትነው የሄዱባት ከተማ ናትና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ምንነት ጥቂት ማለት ይገባል። እኛ «ስኒ» የምንለው ቃል የዓረብኛው «ሲኒ» ነው፤ ትርጓሜውም «የቻይና» ማለት ነው። ጣልያኖች ደግሞ ያንኑ ዕቃ «ፖርቸላና» ይሉታል። ይህ ስም ቀድሞ የዛጎል ስም ነበር፤ የቻይናው ሸክላ እንደ ዛጎል ነጭና አብረቅራቂ ስለ ሆነ በዛጎል ተሰየመ። አንዱ ቃል ዕቃው የመጣበትን አገር ሲነግረን ሁለተኛው መልኩን ይነግረናል። የቻይና ሰዎች ይህን ጥበብ ካወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ አውሮጳውያን ምሥጢሩን ባለማግኘታቸው የሩቅ ምሥራቁን ስኒ በወርቅ ዋጋ ይገዙ ነበር።

በዚህ ፍቅር ከተያዙት ነገሥታት ዋነኛው የሳክሶኒያው መስፍንና የፖላንድ ንጉሥ አውግስጦስ ብርቱው ነበሩ። በ1717 ዓ. ም. ለፕሩስያው ንጉሥ 6 መቶ ፈረሰኛ ወታደሮች ሰጥተው በለውጡ 151 የቻይና ሸክላ ዕቃዎች መቀበላቸው በታሪክ ተጽፏል። እኒሁ ንጉሥ ተራ ብረትን ወደ ወርቅ እለውጣለሁ ይል የነበረውን ዮሐን ፍሪድሪኽ በትገርን እንደ እስረኛ አስቀምጠው ያስመረምሩት ነበር። በትገር ወርቁን አላገኘም፤ ነገር ግን ሊቁ ቺርንሃውስ ከጀመረው ምርመራ ጋር ሠርቶ በ1708 ዓ. ም. ገደማ የነጩን ሸክላ ምሥጢር አገኘ። ምሥጢሩም ካኦሊን የሚባለውን ነጭ አፈር ከሚቀልጡ ድንጋዮች ጋር ቀላቅሎ እስከ 1400 ዲግሪ በሚደርስ እሳት መተኮስ ነው። በ1710 ዓ. ም. በማይሰን ከተማ በአውሮጳ የመጀመሪያው የዚህ ሸክላ ፋብሪካ ተቋቋመ። ሁለት የተጠላለፉ ሰማያዊ ሰይፎችም የፋብሪካው ምልክት ሆኑ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤተ መንግሥት የራሱን ፋብሪካ ለማቆም ተሽቀዳደመ። በፈረንሳይ የሴቭር ፋብሪካ በ1759 ዓ. ም. የንጉሡ የግል ንብረት ሆነ። በኢጣልያ ማርኬዝ ካርሎ ጂኖሪ በ1735 ዓ. ም. ከፊሬንሴ አጠገብ በዶቻ በራሳቸው ርስት ላይ ፋብሪካ አቆሙ፤ ይህም በ1896 ዓ. ም. ከሚላኖው የሪካርድ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ «ሪካርድ ጂኖሪ» የሚለውን ስም አገኘ። በዴንማርክ ደግሞ በ1775 ዓ. ም. በንግሥት ዩልያነ ማሪ ጥበቃ በኮፐንሃገን አንድ ፋብሪካ ተመሠረተ። የዚህ ፋብሪካ ምልክት ሦስት የማዕበል መስመሮች ሲሆኑ የዴንማርክን ሦስት የባሕር መተላለፊያዎች ያመለክታሉ።

ሙሉ የሻይ ዕቃ ሲባል በራዱን፣ የስኳሩን ዕቃ፣ የወተቱን ማቅረቢያ፣ ስኒዎቹን ከነማስቀመጫ ሳህኖቻቸው፣ የተረፈውን ሻይ መድፊያ ጎድጓዳ ሳህንና የኬኩን ሳህኖች ያጠቃልላል። የጥንቶቹ ስኒዎች እንደ ቻይናውያኑ ሁሉ ጆሮ አልነበራቸውም፤ ጆሮው የአውሮጳውያን ጭማሪ ነው። በመሳፍንት ቤት የሻይ ዕቃ መጠጫ ብቻ አልነበረም፤ የቤቱ አርማ ተሥሎበት የዘር ሐረግ ማስታወቂያ ነበር። የሳክሶኒያው ጠቅላይ ሹም ካውንት ፎን ብሩል ከ1737 እስከ 1741 ዓ. ም. በማይሰን ያሠሩት የጠረጴዛ ዕቃ ከ2 ሺህ 2 መቶ በላይ ቁራጮች ነበሩት። በላዩ ላይ በተቀረጸው የይብራ ሥዕል የተነሣ «የይብራው ዕቃ» እየተባለ ይጠራል። የብሩል ቤተ ሰብ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጠብቆት ከኖረ በኋላ በ1945 ዓ. ም. በጦርነቱ ፍጻሜ ብዙው ተሰባበረ፤ የቀረውም በየቤተ መዘክሩና በየሰብሳቢው እጅ ተበተነ። የባላባት ዕቃ መጨረሻው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ናይሮቢ እንመለስ። ናይሮቢ በ1899 ዓ. ም. ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ከባሕር ወደ ደጋው የሚወጣው ዕቃ ሁሉ በሰው ጫንቃ ይሄድ ስለ ነበር ስኒና በራድ ማጓጓዝ ዘበት ነበር። ባቡሩ ከመጣ በኋላ ግን ከእንግሊዝና ከስካንዲናቪያ የሚመጡ ባለርስቶች የብርና የሸክላ ዕቃቸውን በገለባ ጠቅልለው፣ በሣጥን አሽገው 5 መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ያመጡት ጀመር። አዲስ አገር ላይ አሮጌ ማዕረግ የሚታወቀው በጠረጴዛ ነውና።

ከነዚህ መካከል ስማቸው እጅግ የታወቀው ባሮኒስ ካረን ብሊክሰን ናቸው። በ1885 ዓ. ም. በዴንማርክ ተወልደው በጥር 1914 ዓ. ም. ሞምባሳ ሲደርሱ የስዊድኑን ባሮን ብሮር ፎን ብሊክሰን ፊኔከን አገቡ፤ በጋብቻውም የባሮኒስነትን ማዕረግ አገኙ። ከ1917 ዓ. ም. ጀምሮ በናይሮቢ አጠገብ በንጎንግ ኮረብቶች ግርጌ በሚገኘው የድንጋይ ቤት ተቀመጡ። ርስታቸው 6 ሺህ ኤከር፣ በእኛ ልክ 60 ጋሻ ያህል ነበር። ከአገራቸው ባስመጧቸው ዕቃዎች ቤታቸውን እንደ ዴንማርክ የመኳንንት ቤት አሰናዱት። በ1928 ዓ. ም. የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ ወደ ኬንያ በመጡ ጊዜ በዚሁ ቤት እራት ተጋብዘዋል።

ነገር ግን ርስቱ ከ1800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ነበር ለቡና አልተስማማም። ብርዱ፣ ድርቁና የዕዳው ብዛት ተባብረው በ1931 ዓ. ም. መሬቱ ተሸጠ፤ ገዢውም በትንንሹ ሸንሽኖ የመኖሪያ ሰፈር አደረገው። ባሮኒስዋ የቤት ዕቃቸውን ሸጠው፣ ጥቂቱን ይዘው፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስለዚህ ኑሮ የጻፉት መጽሐፍ በ1937 ዓ. ም. ታትሞ ስማቸውን በዓለም አስጠራ።

ከተሸጠው ዕቃ ብዙውን የገዙት ሌዲ ማክሚላን ነበሩ። የእኒህ ሴት ባለቤት ሰር ዊልያም ኖርዝሩፕ ማክሚላን ለኢትዮጵያ ታሪክም ባዕድ አይደሉም። በ1903 ዓ. ም. ዓባይን በብረት ጀልባዎች ተከትለው ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ለመውረድ ተነሥተው ወንዙ ጀልባዎቹን ሰባብሮ የመለሳቸው እኒሁ ሰው ነበሩ። በኋላ በኬንያ ሰፋሪ ሆነው በ1925 ዓ. ም. ሲሞቱ ሚስታቸው በናይሮቢ መካከል የመታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት አሠሩላቸው። ቤተ መጻሕፍቱ የተከፈተው በዚያው በ1931 ዓ. ም. ስለ ሆነ ከባሮኒስዋ ቤት የወጣው ዕቃ በከፊል ወደዚያ ገባ። ይህም ዕቃ ከአንድ የግል ቤት ወጥቶ የገባበት ሕዝባዊ ቤት እስከ 1950ዎቹ ዓመታት ፍጻሜ ድረስ ለአውሮጳውያን ብቻ የተፈቀደ ነበር። የአገሩ ሰው በደጅ ሲያልፍ ያየው እንደ ሆነ እንጂ ገብቶ በወንበሩ አይቀመጥም ነበር።

ኬንያ በ1963 ዓ. ም. ነፃነቷን ስታገኝ የዴንማርክ መንግሥት የባሮኒስዋን ቤት ለአዲሱ መንግሥት በስጦታ አስረከበ፤ ቤቱም የሥነ ምግብ ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ ሆነ። በ1985 ዓ. ም. በባሮኒስዋ ታሪክ ላይ የተሠራው የአሜሪካ ፊልም ዓለምን ሁሉ ወደ ቤቱ ሳበ፤ በ1986 ዓ. ም. ቤቱ በኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዘክሮች ሥር ለጎብኚ ተከፈተ። ለሌዲ ማክሚላን ከተሸጠው ዕቃ ብዙው ተፈልጎ ተመለሰ፤ የጎደለው ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹ በለገሱት ዕቃ ተሞላ።

አስተዋይ አንባቢ የነገሩን ክብደት እዚህ ላይ ያየዋል። በአንድ ቤት ውስጥ ባሮኒስዋ በእርግጥ የተገለገሉበት ዕቃና ተዋናይ ለካሜራ የተገለገለችበት ዕቃ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ያረጁ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ያምራሉ። ልዩነታቸውን የሚናገረው ወረቀት ብቻ ነው፤ ማን ገዛው፣ ለማን ተሸጠ፣ መቼ ተመለሰ የሚለው መዝገብ። መዝገቡ ቢጠፋ እውነተኛው ዕቃና አምሳያው አንድ ይሆናሉ።

ዕቃው ራሱ አይናገርምን የሚል ይኖራል። በእርግጥ ጥቂት ይናገራል። ስኒውን ወደ ብርሃን ቢያነሡት እውነተኛው ፖርቸላና የጣትን ጥላ ያሳያል፤ በጥፍር ቢመቱት እንደ ቃጭል ይጠራል፤ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ድምፁ ይታፈናል። ቢገለብጡት ከሥሩ ምልክቱ ይገኛል፤ የማይሰን ሰይፎች፣ የኮፐንሃገን ሦስት ማዕበሎች፣ የሴቭር የተጠላለፉ ሁለት ፊደላት። ሴቭር ከ1753 ዓ. ም. ጀምሮ የሥራውን ዓመት በፊደል ይጽፍ ስለ ነበር ዘመኑ እንኳ ይታወቃል። ቢሆንም ምልክት ይሰረቃል፤ የማይሰንን ሰይፎች ያልኮረጀ አገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምልክቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚነግረን ዕቃው የት እንደ ተወለደ እንጂ በማን እጅ እንዳደገ አይደለም።

እጅ ስንል ደግሞ የባለቤቱን እጅ ብቻ ማለታችን አይደለም። በኮፐንሃገን ፋብሪካ በሰማያዊ ቀለም የሚሣለው የጥንቱ ሐረግ ለአንድ ሳህን ከአንድ ሺህ በላይ የብሩሽ ጭረት ይጠይቃል፤ ሠዓሊው ግን አርማው ላይ ስሙ የለም። በንጎንግ ቤትም ቤቱን በሙሉ ያስተዳድሩ የነበሩት ሱማሌው ፋራህ አደን ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ በእግራቸው ቁስል ታመው ወደ ባሮኒስዋ የመጡትና ኋላ የቤቱ ወጥ ቤት የሆኑት ካማንቴ ጋቱራ፣ የኪኩዩ ሰው፣ በማእድ ቤቱ ስማቸው የተጠራ ነበሩ። ዕቃው ሳይሰበር ለመቅረቱ ከባሮኒስዋ ማዕረግ ይልቅ የእነዚህ ሰዎች ጥንቃቄ ዋጋ ነበረው። ካማንቴ የሚያስታውሱትን ተናግረው በ1975 ዓ. ም. በመጽሐፍ መታተሙ እጅግ የሚያስደስት ነው፤ ጠረጴዛውን ከማእድ ቤቱ በኩል አይቶ የተረከ ሰው ብዙ አይገኝምና።

ርስቱ በተሸጠ ጊዜ ዕቃው ገዢ አገኘ፤ በመሬቱ ላይ የነበሩት የኪኩዩ ቤተ ሰቦች ግን የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ባሮኒስዋ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠንተው በዳጎሬቲ ደን ክልል ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ የሚሰፍሩበት መሬት እንዲሰጣቸው አደረጉ። የሻይ ዕቃ ተከፋፍሎ ሲሸጥ ዋጋው እንደሚወድቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ሰውም ከጎረቤቱ ሲለይ እንዲሁ መሆኑን እኒህ ሴት መረዳታቸው ከማንኛውም አርማ የበለጠ ያስከብራቸዋል።

የኬንያ ጠረፍ ሰዎች ለሸክላ የሚሰጡት ክብር ከአውሮጳ ባላባቶች እጅግ ይቀድማል። በማሊንዲና በማምብሩይ በጥንታውያን የእስላም መቃብሮች ላይ በቆሙት ዓምዶች የቻይና ሳህኖች ተለስነው ይታያሉ። በጫካ ውስጥ በተገኘችው በጌዲ ፍርስራሽ ከተማም የታሪክ መርማሪዎች የቻይና ሸክላ ስብርባሪ አግኝተው የከተማይቱን ዘመንና ንግድ በእርሱ ለይተዋል። ገል ሆኖ እንኳ ምስክርነቱን አላቋረጠም ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሻዩ ሳንናገር ማለፍ አይገባም። የአውሮጳ መኳንንት ስኒውን ወደ ኬንያ ይዘው ሲመጡ የሚጠጡት ሻይ ከሩቅ አገር የመጣ ነበር። የመጀመሪያው የሻይ ችግኝ በ1903 ዓ. ም. ከናይሮቢ አጠገብ በሊሙሩ ተተከለ፤ በ1920ዎቹ ዓመታት በኬሪቾ ትልልቅ ኩባንያዎች እርሻ አስፋፉ። አፍሪካውያን ገበሬዎች ሻይን እንዲተክሉ በሰፊው የተፈቀደላቸው ግን ከ1954 ዓ. ም. በኋላ ነው። የሻይ ሐራጅ በ1956 ዓ. ም. በናይሮቢ ተጀምሮ በ1969 ዓ. ም. ወደ ሞምባሳ ተዛወረ። በቅርብ ዓመታት ኬንያ በየዓመቱ ከ5 መቶ ሺህ ቶን በላይ ሻይ ወደ ውጭ የምትልክ ሲሆን በጥቁር ሻይ ንግድ ከዓለም አንደኛ ሆናለች። ከ6 መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑ አነስተኛ ገበሬዎችም ከዚሁ ይኖራሉ። ስኒው የባዕድ ርስት ሆኖ መጣ፤ ዛሬ በሊሙሩ ኮረብታ ቅጠሉን የሚለቅመው ገበሬ ሻዩን በራሱ ስኒ ይጠጣል።

ይህ ነገር ከኬንያ አልፎ እኛንም የሚመለከት ነው። በ1939 ዓ. ም. በአስመራ ከነበሩት 98 ሺህ ሰዎች 53 ሺህ ያህሉ ጣልያኖች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት በብዛት ሲሄዱ የቤት ዕቃቸውን ሁሉ ይዘው አልሄዱም። «ሪካርድ ጂኖሪ» የሚለው ስም ለከተማይቱ ሰዎች እንግዳ ያልሆነው ስለዚህ ነው። በአዲስ አበባም በሐረርም ከነጋዴ የተገዛ፣ ከመንግሥት ሹም በስጦታ የተገኘ፣ ከአያት የተወረሰ የሸክላ ዕቃ በቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ ለትልቅ በዓል ብቻ የሚወጣበት ቤት ጥቂት አይደለም። አያቲቱ በሕይወት ሳሉ የእያንዳንዱን ስኒ ታሪክ ያውቃሉ፤ እርሳቸው ሲያርፉ ልጆቹ ስኒውን ይካፈላሉ፤ ታሪኩ ግን ከእርሳቸው ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ በቤቱ ያለው ሰው ወደ ነጋዴ ሄዶ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት አንዲት ወረቀት ይውሰድ። ዕቃው ከማን እንደ ተገኘ፣ በየትኛው ዓመት፣ በሰርግ ይሁን በግዢ ወይም በስጦታ፣ ማን ያጥበው እንደ ነበረና የጎደለው ስኒ በማን እጅ እንደ ተሰበረ ይጻፍበት። ወረቀቲቱንም አጥፎ በበራዱ ውስጥ ያኑራት። በንጎንግ ግርጌ ያለው ቤት ዕቃውን መልሶ ማግኘት የቻለው ገዢዋ ማን እንደ ነበሩ ስለ ታወቀ ነው፤ ስማቸው ባይታወቅ ኖሮ ቤቱ በሙሉ በፊልም ዕቃ በተሞላ ነበር። የባላባቱ ማዕረግ ከባላባቱ ጋር ያልፋል፤ ስኒው በእጅ የያዙትን ሰዎች ስም ይዞ እንዲቆይ ግን አንዲት ወረቀት ትበቃዋለች።